ሁለት እጅ የምትጠይቀው መፍለጫ

ሻጩ ትንሿን የኤሌክትሪክ እንጨት መፍለጫ ሲያሳያቸው ዴሳንካ የባሏን ፊት በተስፋ አየች። የብርዱ መግቢያ የሆነው የቅዱስ ዲሜጥሮስ በዓል ደርሶ፣ በቫልዬቮ ከተማ በየግቢው የክረምቱ ማገዶ ተፈልጦ ተደርድሯል፤ የእነሱ ግንድ ግን ከመኪና እንደወረደ፣ ሳይፈለጥ ዝናብ ይመታዋል። ጎረቤት መጥረቢያውን ይዞ ሊያግዝ ቢመጣ፣ ባሏ ራዶይኮ "ገና አልሞትኩም!" ብሎ ከበር መልሶታል።

"አንዱ እጅ ማንሻው ላይ፣ ሌላው ማብሪያው ላይ" አለ ሻጩ። "አንዱን ከለቀቁ ቀጥ ትላለች። እጅ እንዳትቆርጥ ነው፤ ሁሉም እንደዚሁ ናቸው። ይሞክሯት እስቲ፣ አባቴ።"

ራዶይኮ ቀኝ እጁን ማንሻው ላይ አሳረፈ። ከበጋ ጀምሮ ሽባ የሆነው ግራ እጁ ከኮቱ ኪስ አልወጣም። ዴሳንካ ይህን አላሰበችበትም ነበር። የባሏ ፊት አመድ መሰለ።

"እንሂድ" አላት፤ ማንሻውን ግን የሙጥኝ እንዳለ ነው።

ጠጋ ብላ ጣቷን ማብሪያው ላይ አደረገች።

"ተይ አንቺ ሴትዮ!" አለ በሹክሹክታ። "በሚስቱ እጅ ይፈልጣል ልታስብዪኝ ነው?"

"እኔስ ሞቻለሁ እንዴ?" አለችና ማብሪያውን ተጫነችው።