የተፈታው መረብ

ይገረም የራሱን ጥርጣሬ እንኳ መልሶ የሚጠረጥር ሰው ነው። ስለዚህ መረቡን ተፈትቶ ያገኘው ዕለት ማንንም አልወቀሰም። ቋጠሮውን እኔው አላልቼው ይሆናል ብሎ መልሶ አሰረው።

የያዘውን ዓሣ የሚያኖርበት መረብ የሚታሰረው ከጆሃንስበርግ ደቡብ ዳርቻ ባለች ትንሽ ሐይቅ ላይ፣ ከአንድ ሀብታም ግቢ ወደ ውሃው በተዘረጋ የእንጨት መድረክ ሥር ነው። ባለቤቱ ኮሮና ሲገባ ባሕር ማዶ እንዳለ ቀርቷል። ግቢውን የሚጠብቁት አቢሶና ሚስቱ የዓለምወርቅ ናቸው። የዓለምወርቅ የይገረም እናት የልጅነት ጓደኛ ናት። ትሮይቪል ሰፈር ያለው የይገረም ሱቅ በሎክዳውን ሲዘጋ የጓሮዋን ክፍል የሰጠችውም እሷ ነች።

ከሰው እጅ እየበሉ መኖር ግን ያንገበግባል። ሜይፌር በሚባለው የከተማው ሰፈር ምግብ ቤት ያላት ሰአዳ በስልክ እንዲህ አለችው፦ "ዓሣ ይጾማል አይጾምም እያላችሁ እናንተ ተከራከሩ፣ እኔ እጠብሳለሁ። የሰኔ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው ሰኞ ጭነት መኪናዬን፣ ባኪዋን፣ እልክልሃለሁ። አንድ ሣጥን ሙሉ ይዘህ ከመጣህ ቋሚ አቅራቢዬ ነህ። ካልመጣህ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።"

ሣጥኑ ከሞላ ይገረም ከዚህ ግቢ ይወጣል። ካልሞላ አይወጣም።

መጀመሪያ ምንም አልያዘም። ከዚያ ነገሩን በዘዴ ያዘው። ክሩን ወደ ሩቅ መወርወር ትቶ ከመድረኩ ጥላ ሥር አወረደው። ቅርንጫፎችን ከድንጋይ ጋር አስሮ አሰጠመ፤ ዓሣ መሸሸጊያ ይወዳል። ቀትር ላይ፣ ውሃው ሞቅ ሲል፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የተቀቀለ በቆሎ በተነ። ለመንጠቆው ፓፕ የሚሉትን የአገሬውን የበቆሎ ገንፎ በስኳር ለውሶ አድቦለቦለ። ኮቴ በእንጨቱ አልፎ ውሃው ውስጥ እንደሚሰማ ሲገባው ደግሞ መድረኩ ላይ አሮጌ ምንጣፍ አነጠፈ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲመጣ ዓሣውም አይሰማ፣ እሱም አይሰማ።

ካርፕ የሚባለው ወፍራም ዓሣ መጣለት። እየያዘ ከነሕይወቱ መረቡ ውስጥ ያኖረው ጀመር።

የአቢሶ ጠባይ የተለወጠው ያን ሰሞን ነው።

አንድ እሁድ ይገረም እንደ ልማዱ እናቱ ጋ ሊደውል ስልኩን ፈለገ። ኩሽና ውስጥ ቻርጅ ላይ ነበር። አቢሶ ይዞለት መጣና መድረኩ ጫፍ ላይ ሲደርስ ውሃ ውስጥ ጣለው። ይቅርታ እንኳ አላለም።

"የእርስዎን ያውሱኝ፣ ጋሼ። እናቴ ትጠብቀኛለች።"

"ኤርታይም የለኝም።"

በማግስቱ የዓሣ ቢላዋው ጠፋ። አቢሶ ዕቃ ቤት ቆልፎበት ነበር። "ጅል እጅ ላይ ስለት አይቀመጥም" አለው።

የዓለምወርቅም ሳቋ ደረቀ። ከጠዋት እስከ ማታ ሲዘፍን የሚውለውን ሬዲዮ አጠፋችው። ጸጉሯን አሳጥራ ተቆርጣ ሻሽ አሰረችበት። "ጸጉር ቤቱ ተዘግቶ ማን ይሠራልኛል?" አለች። ሳህኑን ትገፋለትና "ብላ!" ትለዋለች፤ ከዚያ እስኪጨርስ ቆማ ታየዋለች። ጉርሻውን የምትቆጥርበት ይመስለው ነበር።

መረቡ ዳግመኛ ተፈታ። በዚህ ጊዜ ቋጠሮው ድርብ ነበር።

"ጋሼ፣ መረቤን ማን ነው የፈታው?"

"ዓሣው ይሆናላ። ጣት አብቅሎ።"

"ቀልድ አይደለም።"

"ዓሣ ከበለጠህ ሜይፌር ሄደህ ምን ልትሆን ነው?"

"ሠርቼ ልበላ ነዋ!"

"እዚህ ጾምህን አደርክ? መንገዱ ሁሉ ፖሊስ፣ ሜይፌር ሁሉ ወሬኛ ነው፣ አርፈህ ተቀመጥ።"

"የሰአዳ ባኪ ፈቃድ አላት።"

"አትሄድም አልኩህ! ከዚያ ውሃ ዳርም ራቅ!"

ይገረም ነገሩን አገላብጦ አየው። ግቢው ሰፊ ነው፤ ሣሩን የሚያጭደው፣ መኪናውን የሚያጥበው እሱ ነው። ነጻ ጉልበት ማን ይለቃል? ወይም ደግሞ ሰውዬው ዘዴውን አይቶ ገበያውን ሊነጥቀው ይሆናል። ተሳስቼ እንደሆነስ? ብሎ በዓይኑ እስኪያይ ጠበቀ።

አየም። አንድ ማለዳ አቢሶ ተንበርክኮ ቋጠሮውን ሲፈታ፣ ዓሣዎቹ አንድ በአንድ ወደ ጥልቁ ሲሄዱ አየ። ሰውዬው የተረጨበትን ውሃ ከፊቱ ላይ በእጅጌው እየጠረገ ተመለሰ። ይገረም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጠላው። ሰላምታ ተወ። ምግቡን ሳያመሰግን በላ።

ከሰኞ ጀምሮ ሎክዳውኑ ሊላላ፣ አብያተ ክርስቲያናትም ሊከፈቱ ነው ተባለ። ባኪዋ የምትመጣውም ያው ሰኞ ነው። ይገረም ቅዳሜንና እሁድን ከመድረኩ ሳይነሣ ዋለ። መረቡ ሞላ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ዱላ ይዞ፣ እግሩን ከመድረኩ ጫፍ አንጠልጥሎ መረቡን ይጠብቅ ነበር። ከበሩ በኩል የባኪዋን ሞተር ሰማ። በሮቿ ተከፈቱ፣ ተዘጉ፣ ደግመው ተከፈቱ። ሣጥን እያወረዱ ነው አለ በልቡ።

ድንገት ዞር አለ። አቢሶ ምንጣፉ ላይ ከኋላው ቆሟል።

ይገረም ዱላውን አነሣ። "አንድ እርምጃ ብትጠጋ!" አለ። አንቱታው ከአፉ ጠፍቶ ነበር።

አቢሶ አልሸሸም። ከኋላው ሜይፌር ካለው ቤተ ክርስቲያን የመጡ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው፣ ሰአዳ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ፣ የዓለምወርቅም ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተሰልፈዋል።

"ይገረም፣ ልጄ" አለው አቢሶ፣ ዱላውን ቀስ አድርጎ ከእጁ እየተቀበለ፣ "መጀመሪያ ከውሃው ዳር ና።"