የቅዳሜው ፀጉር አስተካካይ

«ፀጉር አስተካካይ ጋ ነበርኩ» አልኩ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ። «ነገ መውሊድ አይደል፣ ወረፋው አይጣል ነው።»

ማንም ምንም አልጠየቀኝም ነበር። በሩን የከፈተችልኝ ዶራ ናት፣ እጮኛዬ። እናቴ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። በኛ ልማድ በበዓል ዋዜማ ስጦታ ይዞ እጮኛው ቤት የሚሄደው ወንዱ ነው፣ እናቱን አስከትሎ። የኔ እናት ግን ሳህኗን አቅፋ ብቻዋን በታክሲ መጥታ አንድ ሰዓት ተኩል ጠብቃኛለች። ለመውሊድ የሚሠራውን የጥድ ፍሬ ገንፎ ነጭ ክሬም አልብሳ፣ ከላይ በብርማ ከረሜላ የሁለታችንን ስም ጽፋበታለች። እኔ እስክመጣ ማንም ማንኪያ አላስነካውም።

የዶራ አባትና እናት ለጎረቤት የበዓል ገንፎ ሊያደርሱ ወጥተዋል። ቤቱ ውስጥ ሦስታችን ብቻ ነን።

ዶራ ዞር ብላ ከኋላዬ ማጅራቴን አየችው። ፀጉሬ ከተቆረጠ ወር አልፎታል፣ ኮሌታዬ ላይ ተኝቷል። ሄዳ ከእናቴ ፊት ለፊት ተቀመጠች፣ ቀለበቷን ከጣቷ አወለቀችና ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችው።

ከሦስት ሳምንት በፊት አስጠንቅቃኝ ነበር። ያን ቀን መሥሪያ ቤት ምሳ በላሁ ብያት፣ ለካ መናፈሻው አግዳሚ ላይ ብቻዬን ሳንድዊች ስገምጥ አይታኝ ኖሯል። ሳንድዊች መብላት ምን ያስዋሻል? እሷም የጠየቀችኝ ይህንኑ ነው። «ምክንያት ያለው ውሸት ይገባኛል ላስዓድ፣ ያንተ ግን ያስፈራኛል» አለችኝ። «አንድ ጊዜ እንኳ ብትደግመው ቀለበትህን ትወስዳለህ።» ማልኩላት። ስምልላት ደግሞ ከልቤ ነበር።

ዛሬ የነበርኩት ራደስ ከተማ፣ አባቴ ዘንድ ነው። እናቴን ጥሎ ያገባት ሴት ሞታበት ብቻውን ቀርቷል፣ እጁም ይንቀጠቀጣል። ለበዓሉ ጺሙን ስላጨው ነው የዋልኩት። ይህን የሰማ ሰው ቢመርቀኝ እንጂ አይነቅፈኝም። እርግጥ እናቴ ባለችበት የአባቴ ስም ከተነሳ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ግን በእሷ ማሳበብ አልችልም። እሷ ባትኖርም እዋሽ ነበር። አንድ ሰው በር ከፍቶ ሲያየኝ አፌ ይቀድመኛል።

አፌ የተማረው በሰባት ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት አባቴ እጄን ይዞ «ፀጉሩን ላስቆርጠው» ብሎ ይወጣል። የምንሄደው ግን አንዲት ሴት ቤት ነው። እሱ ይገባል፣ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የሰሊጥ ብስኩቴን እበላለሁ። ሲወጣ ቧንቧ ጋ ወስዶ ፀጉሬን ያረጥብና ከኪሱ ሽቶ አውጥቶ ማጅራቴን ይቀባኛል። «ከእናትህ በፊት አንተ ተናገር» ይለኛል። እናገራለሁ። እናቴም ማጅራቴን በእጇ ትዳብስና ፀጉሩን ለተቆረጠ ሰው ሁሉ የሚባለውን ትለኛለች፤ «በጤና ያድርግልህ ልጄ።» አባቴ ከኋላዋ ሆኖ ይጠቅሰኛል። ኩራቴ አይነሳ። ጎበዝ ነኝ ብዬ አስብ ነበር።

እናቴ አሁን ቦርሳዋን አስቀምጣ ተነሳች። ቀለበቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። መጥታ እጇን ማጅራቴ ላይ አሳረፈች፣ ጣቶቿ ያልተቆረጠው ፀጉር ውስጥ ገቡ።

«በጤና ያድርግልህ ልጄ» አለች።

ያው ድምፅ ነው። ያን ሁሉ ቅዳሜ ታውቅ ነበር። የትኛው ልጅ ነው በየሳምንቱ የሚቆረጠው? እያወቀች ነው ያልተቆረጠውን ፀጉሬን ስትዳብስ የኖረችው፣ እኔን ላለማሳፈር።

ከዚያ ወደ ዶራ ዞረች። «ልጄ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለቻት። «መድኃኒት እንዲገዛልኝ ልኬው ነው የዘገየው። እኔ ነኝ አትንገር ያልኩት።»

ዓይኗን እንኳ አላሸችም። ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም፣ ለኔ ብላ ግን አሳመረችው። እኔ ደረጃው ላይ እንደተማርኩት ሁሉ እሷም ከኔ ተምራ ይሆን? ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባቴ በኔ የሠራውን እኔ በእሷ ሠራሁት።

«እማ፣ ተይ» አልኳት። «ዶራ፣ አልላከችኝም። ፀጉርም አልተቆረጥኩም። አባቴ ጋ ነበርኩ፣ ጺሙን ስላጨው። በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ዓመት ሆነኝ።»

ዶራ ቀለበቱን በመዳፏ ከደነችው። አላጠለቀችውም፣ ወደኔም አልገፋችውም።

የእናቴ እጅ አሁንም ማጅራቴ ላይ ነው። ዞሬ ፊቷን ለማየት ድፍረቱ አልነበረኝም። ስትተነፍስ ይሰማኛል።

«ጺሙ ሸብቷል?» አለችኝ።

«ትንሽ ብቻ» የሚለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት።

«ነጭ ሆኗል እማ» አልኳት።