ሙት ወቃሽ አያድርገኝ

ድራማ ላይ የሚተውኑት ሙታን ብቻ ከሆኑ ወዲህ፣ ተመልካቹ ተዋናይ ከመንቀፉ በፊት «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ማለት ለምዷል። ቴሌቪዥኑ ግን ይህን አይሰማም። ፊቱ ከተነገረ ብዙ ምስጋና ይልቅ አንድ ነቀፋ ይበልጥበታል፤ የተነቀፈውን ሙት ከድራማው ያወጣዋል፣ የወጣ ደግሞ አይመለስም።

ለዚህ ነው ዘነበች ሁልጊዜ በሯን ዘግታ ብቻዋን የምታየው። ሟች ባሏ ግዛቸው እዚያ ድራማ ውስጥ ዘበኛ ነው፤ ያለ ዕድሜዋ የተቀጠፈችው ልጇ ማስተዋል ደግሞ የቤት ሠራተኛ። ዛሬ ግን አዲሷ ጎረቤቷ አልጣሽ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ መጥታ ቁጭ አለች። እንግዳ አይባረርም።

ዘበኛው እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠራርጎ በሩን ከፈተ።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ይሄ ሽማግሌ ሰለቸኝ» አለች አልጣሽ። «በር ለመክፈት ይሄ ሁሉ መንቀርፈፍ ምንድነው?»

«ኧረ እኔስ እሱን ብዬ ነው የማየው» አለች ዘነበች፣ ቴሌቪዥኑ እንዲሰማ ጮክ ብላ።

በማግስቱ አልጣሽ ደግማ መጣች። ድራማው ውስጥ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። ዘነበች ያን የጉሮሮ ድምፅ ለመስማት ትንፋሿን ያዘች። በሩ በራሱ ተከፈተ።

«አሁን ተሻሻለ፣ አይደል እትዬ?» አለች አልጣሽ።

ዘነበች ልትጮህባት አፏን ስትከፍት ድራማው ውስጥ ማስተዋል ሰፌድ ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። ቴሌቪዥኑ ደግሞ በማን እንደተቆጡ አይለይም።

«በጣም ተሻሻለ» አለች ዘነበች። «ልጅቷማ ግሩም ናት።»