ወገበ ቀጭኗ

ተባይ አጥፊው የመርጫውን አፍ ወደ መደርደሪያው ሲያዞር፣ አሮጊቷ ሸክላ ሠሪ እጇን ከጭቃው መንጭቃ መሃል ትገባለች። ከኋላዋ ገና እሳት ያላያቸው አሥራ አንድ እንስራዎች ተደርድረዋል። ጥሬ ሸክላ የነካውን ሁሉ ይጠጣል፤ መርዙንም ይጠጣል። ነገ ደግሞ ሰው ከዚያ ውኃ ይቀዳል።

«ዞር ይበሉ እማማ። ተርቡ ከአናትዎ በላይ ነው።»

«አንቺን የነደፈሽ ይሄ ነው?» ትላለች ወደ ልጇ ዞራ።

ልጇ በሩ ላይ ቆማ ያበጠ ዓይኗን በእርጥብ ጨርቅ ይዛለች። ሰውየውን የጠራችው እሷ ናት፤ እናቷን ሳታማክር። «እኔ ምን አውቃለሁ እማዬ? ቢጫና ጥቁር ነው። ተርብ ያው ተርብ ነው!»

«ወንድ ያው ወንድ ነው ብለሽ ነዋ ያንን ባልሽን ያገባሽው!»

ተባይ አጥፊው በጭምብሉ ውስጥ ይስቃል። ስልኩን አውጥቶ የተርብ ፎቶ ያሳያታል። «ይኸው፤ ቢጫ፣ ጥቁር። እኛ እኮ ሥልጠና ወስደንበታል እማማ።»

አሮጊቷ ከአናቷ በላይ ግድግዳው ላይ ወዳረፈችው ተርብ ጣቷን ትቀስራለች። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ሸክላዋ ፊት!

«ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዓይን ግን አለኝ። ስልክህን ክተትና ቀና በል። ወገቧን እየው፤ ክር አይደለም? ከክሩ በታች ሆዷ እንደ ጠብታ አብጧል። ብቻዋን ነው የምትሠራው። ልጄን የነደፏት ወገባቸው አጭር ነው፤ ሲበሩ እግራቸውን ያንጠለጥላሉ፤ ወረቀት በመሰለ ቤት ላይ ይንጋጋሉ። ያሉትም ከውጭው በር ጉበን ሥር ነው። አንተ ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማለህ!»

«በዚያች የጭቃ ቤቷ ውስጥ መንጋው ታጭቆ ቢሆንስ?» ይላል፣ ጣቱን ከመርጫው ሳያነሳ። «ውስጡን ሳላይ አልሄድም።»

ተርቧ በመስኮቱ በርራ ትወጣለች። ግድግዳው ላይ የሠራቻት፣ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል የጭቃ ማሰሮ ተለጥፋለች፤ ሆዷ ክብ፣ አንገቷ ጠባብ፣ ከንፈሯ ወደ ውጭ የተመለሰ። አፏ ገና አልተደፈነም። አሮጊቷ ስልሳ ዓመት ሙሉ የሸክላ ከንፈር መልሳለች፤ እንዲህ የሳሳ ግን አንድም ቀን አልወጣላትም። የሌላ ሸክላ ሠሪ ዕቃም በሕይወቷ ሰብራ አታውቅም።

በጥፍሯ ፈልቅቃ ትሰብራታለች።

መዳፏ ላይ አምስት አረንጓዴ ትሎች ይወድቃሉ፤ ጎመኗን የሚጨርሱባት ትሎች። ከስባሪው ጣሪያ ላይ አንዲት እንቁላል በቀጭን ክር ተንጠልጥላለች። ሌላ ምንም የለም።

ሰውየው ጭምብሉን አውልቆ ያጎነብሳል። መርጫውንም ዝቅ ያደርጋል። «ጉበኑን አሳዪኝ» ይላታል ልጅቷን፣ ቀስ ብሎ።

«አሰበርከኝ እኮ!» ትጮህበታለች አሮጊቷ ከኋላው። «ሰው ተናግሮ አይታመንም? አሰበርከኝ!»

ሁለቱ ሲወጡ ወገበ ቀጭኗ በመስኮቱ ትገባለች፤ በአፏ እርጥብ የጭቃ እንክብል ይዛለች። ግድግዳው ላይ በቀረው ክብ ምልክት ታርፋለች። ዙሪያውን በቀንዶቿ ትዳብሳለች። ትነሣለች፤ ተመልሳ ታርፋለች። ጭቃውን አልጣለችም።