እስከ ማታ ድረስ

«እናቱ እስከ ማታ እምቢ ካላሉ፣ በአዲሱ ሕግ እንደፈቀዱ ይቆጠራል። የዓይኑን ብሌን ወስደን ማየት ለተሳናቸው እንሰጣለን» አለ ሐኪሙ ለሟቹ አጎት።

አጎትየው ከሆስፒታሉ እየከነፈ ወጣ። የእህቱ ልጅ በሞተር ብስክሌት አደጋ መሞቱን እናቱ ገና አልሰማችም። የእድሩ ሽማግሌዎች «መርዶ የሚነገረው ሲነጋ ነው፤ እስከዚያ አፍህን ያዝ» ብለውታል። ካልነገራት እምቢ የማለት መብቷን ሊሰርቃት ነው። ከነገራት ደግሞ ወገን ሳይሰበሰብ፣ ደጋፊ በሌለበት በቁሟ ሊገድላት ነው።

እህቱ ደጃፏ ላይ ጎመን ትቀነጥሳለች። አጠገቧ ተቀመጠ፤ ተነሣ፤ ውኃ ለመነና ሳይጠጣው አስቀመጠው።

«ምነው፣ ቁንጫ የገባበት ሰው መሰልክሳ?»

«ሙቀቱ ነው።»

«አዎ፣ ዛሬስ ይሞቃል» አለችና ወደ ጎመኗ አቀረቀረች።

ስለ ልጇ አልጠየቀችውም። ሊነግራት ደጋግሞ አፉን ከፈተ፤ ደጋግሞ ዘጋው። እንዲሁ ሲቁነጠነጥ መሸ።

ንጋት ላይ ሽማግሌዎቹን አስከትሎ ሲመጣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እህቱ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መደቡ ላይ ተቀምጣለች።

«ዓይኑን ወሰዱለት?» አለችው።

«ወሰዱ» አላት።

«ትናንት ስትመጣ ፊትህ ነግሮኛል። ሕጉንም በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። አፍ አውጥተህ ብትነግረኝ ኖሮ እናት ነኝና እምቢ እል ነበር፤ ያልጠየቅሁህ ለዚህ ነው፣ ወንድምዓለም።»

እሪ ያለችው ከዚያ በኋላ ነው።