ሶሪ አይቆጠርም

አቶ ላጲሶን የተበላሸ ቋንቋ ያንገሸግሻቸዋል። ንጹሕ ነገር ነው የሚወዱት። መኪናቸው በየጠዋቱ ይታጠባል፣ በራቸው ላይ ያለው ጽጌረዳ ክረምት ከበጋ ያብባል፣ አማርኛቸውንም እንግሊዝኛ አይነካካውም። ገርጂ ውስጥ ሰው ሲጣላ ቀድሞ የሚጠራው እሳቸውን ነው።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። የተጠሩት በአንድ አጥር ወደሚዋሰኗቸው ወደ ወይዘሮ ደብሪቱ ግቢ ነበር። ሁለተኛው ሽማግሌ፣ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴው ሐጂ አብዱልገኒ፣ ቀድመዋቸው ደርሰው አጥሩ ጥግ ከተሰቀለው ሮቶ ሥር ጥላ ይዘዋል።

ክሱ አጭር ነው። በሰፈሩ ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። ባለፈው ሳምንት የወይዘሮ ደብሪቱ ሮቶ ሐሙስ ማታ ጢም ብሎ ሞላ፤ አርብ እኩለ ቀን ላይ ባዶውን ተገኘ። አርብ ጠዋት መጨረሻ የቀዳችው ተከራያቸው ናኦሚ ነበረች። ወይዘሮ ደብሪቱ ስልክ ደውለው «ቧንቧውን ከፍተሽ ሄደሽ አራቆትሽን!» ብለው ሲጮሁባት፣ ልጅቷ «ውይ፣ ሶሪ እትዬ» አለች።

ሶሪ። በቃ፣ ይኸው ነው። ግቢው ሳምንቱን ሙሉ ውሃ እየገዛ ከረመ። ወይዘሮ ደብሪቱም «ወይ በወጉ ይቅርታ ትጠይቀኛለች፣ ወይ ቤቴን ትለቃለች» አሉ።

ናኦሚ ኦሎምፒያ አንድ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች። በእሷ ደሞዝ ሌላ ክፍል እንደማይገኝ አሳምራ ታውቃለች፤ ሦስት ቀን ዞራ ፈልጋለች። አሁን ዱካ ላይ ተቀምጣ ጣቶቿን ታፍተለትላለች።

«ስሚ ልጄ» አሉ አቶ ላጲሶ። «ሶሪ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ይቅርታ ማለት ነው ጋሼ።»

«አይደለም! ታክሲ ውስጥ እግሬን የረገጠኝ ጎረምሳ ሶሪ ይለኛል፤ እግሩን ግን አያነሳም። መድኃኔዓለም ጋ ጥብስ አዝዤ ፓስታ ያመጣልኝ አስተናጋጅ ሶሪ ይለኛል፤ ፓስታውን አስቀምጦ ይሄዳል። የባንኳ ልጅ ‹ሲስተም የለም፣ ሶሪ› ትለኛለች፣ ማስቲካዋን እያኘከች። ሶሪ ማለት ‹ዞር በልልኝ› ማለት ነው!»

ሐጂ አብዱልገኒ ሳቁ። «እኔ ደግሞ ባለፈው ሳል ይዞኝ ስስል አንዷ ሶሪ አለችኝ። ሳሉን ያጋባችብኝ እሷ ናት ብዬ ደነገጥኩ።»

አቶ ላጲሶ አልሳቁም። በዚህ ነገር ቀልድ አይወዱም።

«እኔ እኮ ዘግቼ ነው የሄድኩት» አለች ናኦሚ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሶሪ ያልኩት እትዬ ስለጮሁብኝ ነው።»

«ካልከፈትሽ ለምን አልሽ?»

«እንዲሁ ይባላል ጋሼ። ሁሉም ሰው ይላል።»

«አያችሁልኝ?» አቶ ላጲሶ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ሁሉም ሰው ይላል! በቀቀንም ትላለች። ተምረሽ፣ ቢሮ ገብተሽ፣ የምትይውን አታውቂም።»

ሐጂ አብዱልገኒ ግን ግቢውን ይቃኙ ነበር። «ቆይ እስቲ ደብሪቱ። ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ ሲፈስ ግቢው ጎርፍ አልሆነም? ስትመጪ ረጥቦ ነበር?»

ወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እኔ እንጃ ሐጂ። ፀሐይ ነበር። መሬቱ ጠጥቶት ይሆናል።»

«ሲሚንቶ ነው እኮ።»

«እንግዲህ እኔ ባዶውን ነው ያገኘሁት።»

«የእህትሽ ልጅ ክፍል ትፈልጋለች አላልሽኝም ነበር?»

የወይዘሮ ደብሪቱ ፊት ተለዋወጠ። «እና? እሷን ምን አመጣት?»

«ሐጂ!» አሉ አቶ ላጲሶ። «የቧንቧ ጉዳይ ቢሆን ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራ ነበር። እኛ የተቀመጥነው ለቃል ነው።»

ሐጂ ግን ዓይናቸውን ከወይዘሮ ደብሪቱ ላይ አላነሱም።

አቶ ላጲሶ ወደ ልጅቷ ዞሩ። «ይቅርታ ጥፋቱን በስሙ ይጠራል። ‹እኔ ነኝ፣ ይህን አድርጌያለሁ› ይላል። ሶሪ ግን ማን ምን እንዳደረገ አይናገርም፤ ስለዚህ አይቆጠርም። ተነሺ። ክፍሉን ከፈለግሽው ሙሉውን ተናገሪ።»

ናኦሚ ወደ ክፍሏ በር ተመለከተች። በሩ ላይ ያጠበችው የሥራ ሸሚዟ ተሰጥቷል። ተነሳች።

«ቧንቧውን… ከፍቼ ስለሄድኩ… ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ።»

«ጮክ በይ። ሐጂም ይስሙ። ውሃውን ማን ጨረሰው?»

«እኔ ነኝ። ውሃውን የጨረስኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» እንባዋ መጣ።

ወይዘሮ ደብሪቱ እንደ ማፈር ብለው አቀፏት። «በቃ፣ በቃ። ቤቱ ቤትሽ ነው። ከትናንት ወዲያም ሞልቶልናል፣ ተመስገን ነው።» ሐጂ አብዱልገኒ ቆባቸውን አንስተው፣ የቀረበላቸውን ሻይ ሳይጠጡ ወጡ።

አቶ ላጲሶ ሻያቸውን ጨርሰው፣ መርቀው፣ ወደ ቤታቸው ገቡ። ባለቤታቸው በር ላይ ይጠብቋቸው ነበር።

«እንዴት ሆነ?»

«ልጅቷ አመነች። በምስክር ፊት።»

«ተመስገን» አሉ ባለቤታቸው፤ «እንግዲያው ነገ ግቢው ጭር ሲል፣ የውሃ ጎማውን እንደ ባለፈው ሳምንት አርብ በአጥሩ አሻግረህ ሮቷቸው ውስጥ ክተተው።»