እስፒል የነከሰ አፍ

ዓይኔ ደከመና ልብስ መስፋቱን ቀንሼ በስልኬ ቪዲዮ ስፌት ማስተማር እንጀራዬ ሆነ። ሰዉ ግን «ድምፅሽ አይሰማም» እያለ ጥሎኝ ይሄዳል። የእህቴ ልጅ ሳቀችብኝ።

«አክስቴ፣ እስፒል ነክሰሽ እያወራሽ ማን ይስማሽ?»

«ሠላሳ ዓመት የነከስኩትን ላንቺ ብዬ አልተውም። ስነክስ ግን ዝም እላለሁ፤ በቃ?»

«በቃ።»

መስኮቱን ዘጋን፤ ፍሪጁን ነቀልን፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ባዶው ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን። ትንሿን ማይክ ኮሌታዬ ላይ ሰካችልኝ። እጅጌ ስገጥም ቀረፀችኝ፤ እስፒል በነከስኩ ቁጥር፣ ቃሌን ጠብቄ፣ ትንፍሽ አላልኩም።

ከዚያ ማዳመጫውን ለሁለት ተካፍለን ቪዲዮውን እያየን ሰማነው። ድምፄ እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል። ደስ ብሎኝ ዞር ስል የልጅቷ ፊት ተለዋውጧል።

«አክስቴ፣ እዚህ ጋ እኮ አፍሽ ዝግ ነው።»

እውነትም ከንፈሬ ሦስት እስፒል ነክሷል። ድምፄ ግን «ጨርቁን ሳትጎትቺ ያዢው» እያለ ያስተምራል።

«ይሄ ማይክ ነው የተበላሸው» ብዬ ከኮሌታዬ ነቀልኩት። ስልኩንም አጠፋሁት።

ከብርድ ልብሱ ጀርባ፣ በራሴው ድምፅ፣ አንዲት ሴት «አሁን ወደ ሌላኛው እጅጌ እንለፍ» አለች።